ሊንኩ ይመጣል፣ ሂሳቡ አይመጣም

መስጠት አልሰለቸንም። ይህ አስቀድሞ ይታወቅልን። ሰው ሲታመም፣ ሰው ሲሞት፣ የሰው ልጅ በረሃ ላይ ሲታገት «አለንልህ» ማለት ከእናት ከአባቶቻችን የወረስነው ነው፤ ማንም አይነጥቀንም። የሰለቸን፣ ከሰጠን በኋላ የሚመጣው ዝምታ ነው።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የምንኖር አበሾች ስልካችንን ስንከፍት የገንዘብ ማሰባሰቢያው የጎፈንድሚ ሊንክ የማናገኝበት ቀን ጥቂት ነው። ጠዋት በቫይበር ከቤተዘመድ፣ ቀን በዋትስአፕ ከማኅበሩ፣ ማታ በቲክቶክ ይመጣል። አንዱ ኩላሊቱ ደክሞ ንቅለ ተከላ የሚጠብቅ ነው። አንዷ አስከሬኗ አገር ቤት እንዲገባ የሚለመንላት ነው። አንዱ ሊቢያ ውስጥ አጋቾች እጅ የወደቀ ልጅ ነው። ሁሉም አንጀት ይበላል፤ ሁሉም በእርግጥ በወገኖቻችን ላይ የሚደርስ መከራ ነው። ለዚህም ነው ሳንጠይቅ የምንከፍለው።

ግን እስቲ ከሊንኩ ጋር የሚመጣውን ጽሑፍ እንየው። «ወገኖቼ ድረሱልን፣ ሼር ማድረግም መርዳት ነው» ይላል። የከፈተው ማን ነው? የመጀመሪያ ስምና አንዲት ፊደል ብቻ። ለታማሚው ምኑ ነው? አልተጻፈም። የት ሆስፒታል? «ውጭ አገር»። 60 ሺህ ዶላር ለምን ተባለ፣ ለምን 40 ሺህ አልሆነም? መልስ የለም። የሐኪም ደብዳቤው ተያይዟል፤ ነገር ግን ተጣምሞ የተነሳ ፎቶ ነው፣ ከማኅተሙ ግማሹ ተቆርጧል፣ ቀኑ ያለበት ቦታ ላይ የአንሺው አውራ ጣት አርፏል። አጉልተን ልናነበው ስንሞክር ይደበዝዛል። ከደብዳቤው ጎን የአንድ ሕፃን ፎቶ አለ፤ ከወር በኋላ ደግሞ ያው ሕፃን፣ ያው አፍንጫው ላይ የተሰካ ቱቦ፣ በሌላ ስምና በሌላ የባንክ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል። የታመመ ልጅ ፎቶ ማስረጃ አይደለም። ለልጁም ክብር አይደለም።

ደንብ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ጎፈንድሚ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተ ነው፤ ገንዘብ የሚያሰባስብ ሰው ማን እንደሆነ፣ ከተረጂው ጋር ያለውን ዝምድና፣ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውልና ለባለቤቱ በምን መንገድ እንደሚደርስ በግልጽ እንዲጽፍ ይጠይቃል። ማታለልም የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ፊላደልፊያ ውስጥ «ቤት አልባው የቀድሞ ወታደር የመጨረሻ 20 ዶላሩን ለነዳጅ ሰጠኝ» በሚል ተረክ ከ400 ሺህ ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ሰጡ። ታሪኩ ከመነሻው የፈጠራ ሆኖ ተገኘ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ገንዘቡ ለሰጪዎቹ ተመለሰ።

የእኛን ጉዳይ የሚያከብደው ሌላ ነው። ጎፈንድሚ በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ ገንዘብ አያስገባም። ስለዚህ አዲስ አበባ ለተኛ በሽተኛ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ሰው ይከፍትለታል፤ ገንዘቡም መጀመሪያ የሚያርፈው በዚያ ሰው የግል ሂሳብ ነው። ከዚያ እስከ በሽተኛው አልጋ ድረስ ያለውን መንገድ ከእርሱ በስተቀር የሚያየው የለም። ታማኝ ሆኖ ሳለ ደረሰኝ ባለማሳየቱ ብቻ የሚታማ ስንት አለ! ታማኝ ያልሆነው ደግሞ በዚያው ጨለማ ይሸሸጋል።

ምንዛሪውም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አገር ውስጥ በብር ለሚከፈል የኩላሊት እጥበት ወይም መድኃኒት በዶላር ስንጠየቅ፣ በስንት እንደታሰበና በስንት እንደተመነዘረ ሊነገረን ይገባል። በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል ያለው ልዩነት የታማሚው ነው፤ የላኪው ትርፍ አይደለም።

ተቆራጩንስ ማን ይነግረናል? አሜሪካ ውስጥ ጎፈንድሚ ከእያንዳንዱ ልገሳ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆርጣል። የቲክቶክ ላይቭ ስጦታ ደግሞ የባሰ ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2022 በሶሪያ የተፈናቃዮች ካምፖች ባደረገው ምርመራ፣ ለቤተሰቦቹ ከተላከው ስጦታ እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ቲክቶክ እንደሚያስቀር አሳይቷል። በላይቭ ለበሽተኛ «አንበሳ» የተባለውን የቲክቶክ ስጦታ የሚያስልክ ሰው ይህን ለተመልካቹ መንገር ግዴታው ነው።

ጎፈንድሚ ላይ የተታለለ ሰጪ በአንድ ዓመት ውስጥ ገንዘቡ እንዲመለስለት ማመልከት ይችላል። ብዙዎቻችን ይህን አናውቅም፤ የሚያውቀውም ይሉኝታ ይይዘዋል። «ሊንኩ ያስቸግራል፣ በዜል ላኩልኝ» ለሚለን ሰው በቀጥታ ከባንክ ወደ ባንክ ስንልክ ግን ያ ዋስትና አብሮን አይሄድም።

እኛ አካባቢ ባለ አንድ ማኅበር ለአንድ ሟች አስከሬን መሸኛ ተብሎ ተዋጣ። የተጠየቀው በጥቂት ቀን ሞላ። አስከሬኑ ተሸኘ፣ ተቀበረ፣ አርባው ወጣ፤ ሊንኩ ግን አልተዘጋም፣ ሰውም መስጠቱን አላቆመም። ስንጠይቅ «የተረፈው ለልጆቹ ይላካል» ተባልን። መቼና በማን በኩል ስንል ሊንኩን የከፈተው ሰው የውሃ ሽታ ሆነ። ከዚያ በኋላ እዚያው ማኅበር ውስጥ የአንዲት ጎረቤታችን እናት የልብ ሕመም ሊንክ መጣ። እውነተኛ ነበር፤ ሴትዮዋን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። አብዛኛው ሰው አይቶ አለፈው። የመጀመሪያው ሰው የበላው የሟቹን ልጆች ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የእኚህን እናት ዕድልም ነው።

በጣም የሚያሳዝነኝ ደግሞ ሂሳብ የመተሳሰብ ሥርዓት የማናውቅ ሰዎች አለመሆናችን ነው። እድር አለን። እድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። መዝገብ አለው፣ ደረሰኝ አለው፣ ስብሰባ ላይ ሂሳብ ይነበባል። ገንዘብ ያዡን «ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ?» ያለ አባል እንደ ሌባ ከሳሽ አይታይም፤ ገንዘብ ያዡም አይቀየምም። ኢንተርኔት ላይ ስንወጣ ግን የጠየቀ ሰው «ጨካኝ፣ ካልሰጠህ ዝም በል» ይባላል። ከጠያቂው በላይ ግን ጨካኝ የሚሆነው የሰውን መከራ ተመርኩዞ ጥያቄን የሚያሳፍር ነው።

የምንለምነው ብዙ አይደለም። ከፋቹ ሙሉ ስሙንና ዝምድናውን ይጻፍ። ወጪው ይዘርዘር፤ ሕክምናው ስንት፣ ቲኬቱ ስንት፣ ማረፊያው ስንት። ቢቻል ገንዘቡ በቀጥታ ለሆስፒታሉ ይከፈል፣ ካልተቻለም ሦስት ሰዎች አብረው ይያዙት። የተጠየቀው ሲሞላ ይዘጋ። ታማሚው ቢያርፍ ወይም ገንዘብ ቢተርፍ ምን እንደሚደረግ ገና ሲከፈት ይነገር። ሲያልቅም የገባውና የወጣው ከነደረሰኙ፣ ሊንኩ በተላከበት በዚያው ቦታ ይለጠፍ።

እኛ ሰጪዎችም ማጉረምረም ብቻ አያዋጣንም። ከመላካችን በፊት እንጠይቅ፣ ከላክን በኋላም እንከታተል፤ አጣርተን እውነት ሆኖ ስናገኘው ደግሞ እጃችንን አንሰስት። ሂሳብ የምንጠይቀው አልጋ ላይ የተኛውን አይደለም፤ በስሙ ገንዘብ የያዘለትን ነው።