ከ5፡00 እስከ 6፡30፦ ዘና ማለት

ድሮ ሰው ሲደክመው ያርፍ ነበር። ዛሬ ለማረፍ መጀመሪያ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ቀጥሎ መዋጮ ይጠየቃል፤ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ ተብሎ ይነታረካል፤ በመጨረሻ ተሰብስቦ ይኬድና ደክሞ ይገባል። እኔ ሸዋ ሮቢት ተወልጄ ሸዋ ሮቢት ያረጀሁ ሰው ነኝ። እዚህ ቆላ ቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ሰው ማንጎ ጥላ ሥር ጋደም ይላል። ፕሮግራም ያወጣለት የለም፣ ገንዘብ የጠየቀው የለም፤ ሙቀቱ ራሱ ያጋድመዋል። የልጅ ልጆቼ ግን አዲስ አበባ ገብተው፣ ተምረው፣ ተመርቀው፣ ሥራ ይዘው፣ ይቺን አንዲት ነገር ረስተው ቀሩ።

የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ ሳንቶሪኒ የምትባል የግሪክ ደሴት ናት። የትልቋ ልጄ ልጅ፣ ባንክ ቤት የምትሠራዋ፣ ለፋሲካ መጥታ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችብኝ። ገደል ላይ የተለጠፉ ነጫጭ ቤቶች፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ከሥር ባሕር። «አባባ፣ እዚህ ሄዶ አንድ ቀን ዘና ማለት ነበር!» አለች። ሂጂያ፣ ማን ያዘሽ አልኳት። ቪዛው፣ ትኬቱና ምንዛሬው ሲደመር ደሴቲቱ ራቀች። የዛሬ ልጅ ግን በዋዛ አይለቅም። ሳንቶሪኒን የሠራት እሳተ ገሞራ ነው፤ የቢሾፍቱንም ሐይቆች የሠራቸው እሳተ ገሞራ ነው፤ ስለዚህ ቢሾፍቱ እንሂድ ተባለ። ሒሳብ የተማረችው እሷ ናትና አልተከራከርኳትም።

የምነጫነጭበትን ነገር ሳላውቅ መነጫነጭ ግን ልማዴ አይደለም። የትንሹን ልጄን ልጅ አስቀምጬ ስለ ደሴቲቱ አስነበብኩት። የዛሬ 3,600 ዓመት ገደማ ተራራው ፈነዳ፣ መሐሉ ሰመጠ፣ ባሕር ገባበት። አክሮቲሪ የሚባል ከተማ በአመድ ተቀብሮ ኖሮ፣ በሰፊው መቆፈር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ሰው ታዲያ በዚያ በፈነዳው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ሆቴል ሠርቶ ቡና ይጠጣል። ካማሪና ፔሪሳ የሚባሉት የባሕር ዳርቻዎች አሸዋቸው ጥቁር ነው፤ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ የደቀቀ ነዋ። ጥቁር ነገር ደግሞ ፀሐይ ይጠጣልና በበጋ ባዶ እግር አያስረግጥም። እንግዳው እየዘለለ ወደ ወንበሩ ይሮጣል፤ ወንበሩና ጃንጥላው ደግሞ የሚከራይ ነው። የተፈለገው እግር የሚያቃጥል መሬት ከሆነ፣ ግንቦት ላይ ወደ እኛው ወረዳ ወደ ቀወት ብቅ በሉና ጫማችሁን አውልቁ፤ እኔ አላስከፍልም።

ከሁሉ የገረመኝ የአህያው ነገር ነው። ከድሮው ወደብ እስከ ከተማው ፊራ 600 የሚጠጋ ደረጃ አለ፤ እንግዳውን አህያ ተሸክሞ ያወጣዋል። ጠብደል ጠብደሉ ሰው ስለበዛ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የግሪክ መንግሥት አህያ ከ100 ኪሎ በላይ እንዳይጫን ደንብ አወጣ። እኛ አገር አህያ ማሽላ ይጭናል፣ ሽንኩርት ይጭናል፣ ውሃ ይጭናል፤ ሊዝናና የመጣ ጎልማሳ ሲጭን አላየሁም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ደግሞስ የእሳተ ገሞራ ጉርብትና ለእኛ ብርቅ ነው? በ2017 ዓ.ም. ጥርና የካቲት ሳንቶሪኒ ስትንቀጠቀጥ ከ11,000 በላይ ሰው ደሴቲቱን ጥሎ ወጣ አሉ። በዚያው ሰሞን እዚህም የፈንታሌና የዶፈን ምድር ይናጥ ነበር፤ የአዋሽ አካባቢ ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሰደድ፣ እኛም ሮቢት ላይ አልጋችን ይወዛወዝ ነበር። ብርጭቆው መደርደሪያው ላይ ሲንቃጨል ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ አትገላበጥ!» ብላ የተቆጣችው እኔን ነው። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ካራቆሬ አካባቢ መሬት ተንቀጥቅጦ ማጀቴ ፈርሳለች፤ ያኔ ልጅ ብሆንም የትልልቆቹን ድንጋጤ አስታውሳለሁ። ዘላለም በስምጥ ሸለቆ አፋፍ ሲተኛ የኖረን ሰው፣ እሳተ ገሞራ አጠገብ ለመዋል መዋጮ አምጣ ማለት ምን ይባላል?

ያም ሆኖ ዕቅዱ በቴሌግራም ወጣ። እንዳለ ልጻፈው፦ «12፡30 መነሻ። 2፡00 ቁርስ። 3፡00 የቡድን ፎቶ፣ ሁሉም ሰው ነጭ ይልበስ። 4፡00 ጀልባ። ከ5፡00 እስከ 6፡30 ዘና ማለት። 6፡30 ምሳ። 8፡00 ገመድ ጉተታ። 11፡45 ጀንበር ስትጠልቅ ማየት።» እኔ ደግሞ በድምፅ መልእክት ጠየቅኩ፦ ዘና የምንለው ከ5 እስከ 6 ተኩል ከሆነ፣ በሌላው ሰዓት ምን እያልን ልንውል ነው? የሳቀ ምስል ላኩልኝ። ነጭ ለምን አልኩ፤ የሳንቶሪኒ ቤቶች ነጭ ስለሆኑ ነው ተባልኩ። እኔ ነጭ የምለብሰው ቤተ ክርስቲያን ስስም ነው እንጂ ቤት ለመምሰል አይደለም። ጀንበሯስ? ኢያ በሚባለው የሳንቶሪኒ መንደር ጀንበር ስትጠልቅ ለማየት ሰው ቀደም ብሎ ቦታ ይይዛል አሉኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጀንበር ስትጠልቅ ያየሁት ከብት ሳስገባ ነው፤ ቦታ አስይዤም አላውቅ።

ዕቅዱ የዘለለው ትልቁን ጥያቄ ነው፦ መንገዱ ክፍት ነው ወይ? በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እዚህ ድረስ ከመጣ ወዲህ የእኛ አገር ሰው ሻንጣ ከማሰሩ በፊት የሚጠይቀው ይህን ነው። መናኸሪያ ወርጄ ሾፌሩን ጠየቅኩ፤ ሾፌሩን ባላምነው ረዳቱን ጠየቅኩ፤ ከዚያ ነው የተነሳነው። በአንድ ጠዋት ከሮቢት ቆላ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ጣርማ በር ወጥቶ፣ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ መግባት ለወጣት ቀላል ነው። የእኔ ጉልበት ግን ሙቀት የለመደ ነው፤ ደብረ ብርሃን ስንደርስ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቤም እንቀጠቀጥ ነበር። አዲስ አበባ አድረን በማግሥቱ በፈጣኑ መንገድ ቢሾፍቱ ገባን።

አንድ መዝናኛ በር ላይ ደረስን፤ ስሙን አልጠራም። ባለቤቴ ሌሊት ተነስታ የሠራችውን ዶሮ በአገልግል ይዛለች። ዘበኛው «እማማ፣ ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው» አለ። እሷም «ልጄ፣ የውጭ ምግብ አይደለም፣ የቤት ነው» አለችው። ደንብ ነውና የአገልግሉን ጠፍር ፈታ፣ ክዳኑን አነሳ። የዶሮው ሽታ ሲወጣ ፊቱ ተለወጠ፤ ክዳኑን ይዞ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ በግድ መለሰውና «እዚሁ ይቀመጥልዎ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ» አለ። ጠበቀው። ማታ ስንረከበው አገልግሉ ቀሎ ነበር፤ እንቁላሎቹም በአጥንቱ መሐል አልነበሩም። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ቀን በደንብ የተዝናና ሰው ቢኖር እሱ ነው።

ሐይቁ አያስነቅፍም። ጥንት የቀለጠ ድንጋይ ከመሬት ውስጥ ሲወጣ ውሃ አገኘ፣ ፈነዳ፣ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ጉድጓዱ ውሃ ሞላ። ሆራም ባቦጋያም የተሠሩት እንዲህ ነው። የከተማውን ስም የያዘው የቢሾፍቱ ሐይቅማ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው ይላሉ። ታዲያ ከፍንዳታ የተገኘ ሐይቅ ጠርዙ ገደል ነው፤ የግሪኩ ዓይነት አሸዋ የለውም፤ ውሃው ዘንድ የሚደረሰው በደረጃ ነው። መውረዱን ወረድኩ። መውጣቱ ላይ ጉልበቴ ሲከዳኝ የሳንቶሪኒ አህዮች ትዝ አሉኝና «አሁን አንድ አህያ ቢገኝ» አልኩ። ባለቤቴ ከላይ ሆና ቁልቁል አየችኝና «አንተንስ ደንቡም አይፈቅድልህ» አለች።

ልጆቹ ምን ሲሠሩ ዋሉ? ነጭ ለብሰው ፎቶ ተነሱ። ፎቶው አልወጣም ተብሎ እንደገና ተነሱ። አንደኛው የወንዱ ልጄ ልጅ ወንበር ላይ ጋደም ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያርፍ ራሱን ቀረጸ፤ «ያረፈ አልመሰልኩም» ብሎ ደግሞ ቀረጸ። ዋና የገባ የለም፤ ፀጉር ይበላሻል። ሙዚቃው ደረት ይደልቃል። እኔ 5 ሰዓት ሲሆን፣ ሰዓቱን አክብሬ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ። ብዙም ሳልቆይ ትከሻዬን ነቀነቁኝ። «አባባ፣ አይተኙ እንጂ! ዘና ልንል አይደል የመጣነው?»

አልመለስኩላቸውም። በሆዴ ግን እቴጌ ጣይቱን አሰብኩ። እሳቸው ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውሃ ሲታጠቡ፣ ያም ውሃ የሚፈላው በዚሁ በምድር ሆድ እሳት ነው፣ ቦታውን ወደዱትና ቤት አሠሩ፤ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። እሳቸው ለመታጠብ ወርደው ከተማ ተገኘ። የእኛዎቹ ኮሚቴ አቋቁመው ወርደው የተገኘው ፎቶ ነው።

ነገሩን ሳብላላው ግን በልጆቹ ሙሉ በሙሉ አይፈረድባቸውም። እኛ ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም እያልን ከእርሻ ስንቀር፣ በዓል አበዛችሁ፣ ድህነታችሁ ከዚህ ነው ብሎ የእርሻ ባለሙያው ሲቆጣን ኖረናል። እስላም ጎረቤቶቻችንም ጁምዓን አክብረው፣ ወዳጃ ተቀምጠው፣ ቡናውን አፍልተው ዱዓ ሲያደርጉ ሥራ ፈት ተብለዋል። እሑድ ሰንበቴ ገበያ ወርዶ፣ አንድ ነገር ሳይገዛ ሳይሸጥ፣ አፋሩን፣ አርጎባውን፣ ኦሮሞውን፣ አማራውን አይቶ፣ ወሬ ለቅሞ የሚመለስ ስንት ሰው ነበር! ያ ዕረፍት ዕቅድ አላስፈለገውም። ሁሉም ባንድ ቀን ስለሚያርፍ ፈላጊም ተፈላጊም አልነበረም፤ ተጋድሞ የተገኘም አያፍርም። ልጆቹን ግን አለቃቸው እሑድም ይደውልላቸዋል። ለጥምቀት መጥተው እንኳ አንድ እጃቸው ጠላ፣ አንድ እጃቸው ስልክ ነው። በየሳምንቱ የነበራቸውን ዕረፍት ቀስ በቀስ ወሰዱባቸውና፣ በዓመት አንድ ቀን ከመግቢያ ክፍያ ጋር መልሰው ሸጡላቸው። በዓመት አንዴ የሚያርፍ ሰው ደግሞ ያቺ አንዲት ቀን እንዳታመልጠው በሰዓት ይከፋፍላታል፣ ማረፉንም በፎቶ ያስመሰክራል። ምን ያድርግ!

እና ሰሞኑን ኮሚቴው እንደገና ተነቃነቀ። ሳንቶሪኒ ከመርከብ የሚወርደው እንግዳ ላይ በዋናው ወቅት በነፍስ ወከፍ 20 ዩሮ መጣሉን ሰምተው፣ በአውሮፕላን እንግባ ወይስ በመርከብ ብለው ይከራከራሉ፤ ቪዛው ገና የለም፣ የመግቢያው ግብር ግን ከወዲሁ አጣልቷቸዋል። እኔም በድምፅ መልእክት ሐሳብ ላክሁ። ሁላችሁም ሮቢት ኑ አልኩ፤ ማንጎው ደርሷል፣ ፓፓያው ደርሷል፣ መሬቱም እንዳቅሙ ይነቃነቃል፤ ምንም ሳታቅዱ አንድ ቀን ዝም ብላችሁ ዋሉ። የባንክ ቤቷ ልጅ ወዲያው መለሰች፦

«አባባ፣ አሪፍ ሐሳብ ነው! ፕሮግራሙን ማን ያውጣ?»