ተፍኪ ትሠልጥን!

ለገጠር የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች «አቅም ግንባታ» የሚሆን ገንዘብ የያዛችሁ ለጋሾች ሆይ፣ ሩቅ አትድከሙ፤ ተፍኪ አለችላችሁ። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ዓለም ገናንና ሰበታን አለፍ ብላ ትገኛለች። ጠዋት ቁርስ በልቶ የወጣ አጥኚ ማታ ልጆቹ ሳይተኙ ቤቱ ይገባል። አስፋልት አለ፣ ኔትወርክ አለ፣ ለሪፖርቱ ፎቶ የሚሆን በሬና የጤፍ ክምርም ከመኪና ሳይወርዱ ይታያል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ከተጠቃለሉ ወዲህ በእነሱ ስም «ገጠር» ብሎ ፕሮፖዛል ማስገባት ትንሽ ያሳፍራል። ተፍኪ ግን ገና ፎቶ ላይ ገጠር ናት።

ሮበርት ቼምበርስ የሚባል እንግሊዛዊ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የልማት ሰዎች ድህነትን የሚጎበኙት ከአስፋልት ዳር ሳይርቁና በበጋ ነው ብሎ ወቅሷል። ምን አድርጉ ነው የሚለው? ክረምት ላይ አዋሽ ሞልቶ ሲፈስ የተፍኪ ሜዳ ውኃ ይተኛበታል፤ ጥቁር አፈሩም ጫማ ነጥቆ ያስቀራል። እዚያ ጭቃ ውስጥ ቆሞ «ምን ጎደላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ለጠያቂውም ለጥያቄውም ክብር አይደለም። ጥር ሲገባ፣ መሬቱም ሲደርቅ በጀቱም ሲለቀቅ ይሻላል።

ደግሞም ባለሙያዎቹ ይጠየቃሉ፤ አይጠየቁም የሚል ሐሜተኛ ነው። ስፌት የምትሰፋ አንዲት እናት ተጠየቀች እንበል። አክርማ ታጭድበት የነበረው ሜዳ ታርሷል ወይም ታጥሯል። ስንደዶውን አሁን በገንዘብ ነው የምታገኘው። የፕላስቲክ ሰፌድ ገበያውን ሰብሮባታል። ከመንገዱ ዳር ፀሐይና ዝናብ የሚከልል አንድ የቆርቆሮ ዳስ ቢተከልላት መሶቧን ለጅማ መንገደኛ ትሸጥ ነበር። አጥኚው ይህን ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ ይጽፋል። ሪፖርቱ ላይ ግን ችግሯ «የክህሎት ክፍተት» ሆኖ ይወጣል። ቆርቆሮ መስጠት እርዳታ ነዋ፤ እርዳታ ደግሞ ሰውን ጥገኛ ያደርጋል። የሆቴል ምሳ ጥገኛ አድርጎ አያውቅም፤ በተለይ አሠልጣኙን።

ሕጉም ቢሆን ከሥልጠና ጋር ታርቋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ የአስተዳደር ወጪን ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ሲገድብ፣ የአሠልጣኝ ክፍያና የጉዞ ወጪ ሳይቀር በአስተዳደር ወጪ እየተቆጠረ ስንቱ ድርጅት አልቅሷል። የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1113 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ቢያወርደውም፣ ለፕሮጀክቱ ዓላማ የወጣውን ከአስተዳደር ለይቶ እንባውን አብሷል። እናም አዳራሹ ዓላማ ነው። ባነሩ ዓላማ ነው። የአሥር ሰዓቱ ሻይ ከነብስኩቱ ዓላማ ነው።

ታዲያ ሥልጠናው ለምን ተፍኪ ላይ አይሰጥም? ሐይቅ የላትማ! ክረምት ላይ ሐይቅ ለመሆን ብትሞክርም ሪዞርት ሳይሠራባት ውኃው ይሸሻል። ስለዚህ ሠልጣኞቹ በሚኒባስ ተጭነው ቢሾፍቱ ይወሰዳሉ። ቢሾፍቱ ሠዓሊ ለማ ጉያ በፍየል ቆዳ ላይ የሣሏቸውን ሥዕሎች ለሕዝብ ያሳዩባት ከተማ ናት። ሰውየው አየር ኃይል እያገለገሉ ሥዕልን በራሳቸው ጥረት የተማሩ ነበሩ። የእሳቸውን ሙዚየም ማስጎብኘት መልካም ነበር፤ ነገር ግን መርሐ ግብሩ ላይ ያ ሰዓት «የቡድን ውይይት» ተብሎ ተይዟል። ያለ ሥልጠና የበቃን ሰው ለሠልጣኝ ማሳየትም አደገኛ ምሳሌ ነው።

አዳራሹ ውስጥ እንግባ። ስላይዱ በእንግሊዝኛ ነው። አሠልጣኙ በአማርኛ ይተረጉመዋል። በኦሮምኛ ብቻ ለሚግባቡት ደግሞ አጠገባቸው የተቀመጠች ጎረቤት በሹክሹክታ ታደርሳለች፤ ሹክሹክታው ሲያልቅ ስላይዱ ሁለት ገጽ አልፏል። ርዕሱ «ፈጠራና ዲዛይን» ነው። የተሰበሰቡት እናቶች አለላው ስንት ዙር ሄዶ የት እንደሚታጠፍ ያለ ወረቀት በጭንቅላታቸው ቆጥረው ክዳንና ሙዳዩን የሚያገጣጥሙ ናቸው። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይሏችኋል፤ ይችኛዋ ልጅ ግን አበልም ይከፈላታል።

ያቺ እናታችን እጇ ሥራ ፈቶ አያውቅምና ከኋላ ወንበር ላይ ወስፌዋን ከቦርሳ አውጥታ መስፋት ጀመረች። አሠልጣኙ አየ። «እናቴ፣ እባክዎ አሁን ሥልጠና ላይ ነን» ብሎ በትሕትና አስቆማት። ማርከርና ትልቅ ወረቀት ሰጥቶም «የንግድ ራዕይዎን ይሣሉ» አላት። ዳስ ሣለች። አራት ቋሚ፣ ከላይ ጣሪያ። «በጣም ጥሩ! ጥላው ምንን ይወክላል?» ተባለች። ቡድኑ ተወያይቶ ጥላው በራስ መተማመንን እንደሚወክል ተስማማ፤ ወረቀቱም ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ፎቶ ተነሣ። በእረፍት ሰዓት ያው አሠልጣኝ ጅምር ስፌቷን እያገላበጠ ለባለቤቱ እንደሚሆን ገለጸላትና ዋጋ ጠየቀ። ስትነግረው ግን፣ ስለ ዋጋ አተማመን አንድ ሰዓት ተኩል ያስተማረው ሰው፣ «አይወደድም?» አላት።

ውጤቱስ? እያንዳንዷ ሠልጣኝ ሰርተፍኬት ይዛ ተመልሳለች፤ መስታወት ከተገዛለት ግድግዳ ያሳምራል። የግምገማ ቅጹም «ከጠበቅኩት በላይ» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጎበታል። ቅጹን የሞላው አስተባባሪው ነው፤ ሠልጣኞቹ ሚኒባሱ እንዳያመልጣቸው ቸኩለው ነበር። ተፍኪ ሲመለሱ ሽያጭ አልጨመረም። ይህ የሚያሳየው ሥልጠናው በቂ እንዳልነበረ ነው፤ ሌላ ምንም ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ ሁለተኛ ዙር ይፈቀድ፤ ቦታው ሐዋሳ፣ ወሩ እንደተለመደው ጥር። ሠልጣኞቹም መሶብና ሰፌድ ይዘው እንዳይመጡ ከወዲሁ ይነገራቸው። ሚኒባሱ ላይ ቦታውን የሚይዘው ባነሩ ነው።