ከነቤተሰብዎ

የባለቤቴ እናት ሳምቡሳ ልሽጥ ቢሉ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ኢንሹራንስ አምጡ ተባሉ።

የምንኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም በማይርቅ ከተማ ነው። መስከረም ሲጠባ ያገራችን ልጆች ከከተማው ፈቃድ አውጥተው፣ አንድ መንገድ አዘግተው፣ ድንኳን ደርድረው እንቁጣጣሽን ያከብራሉ። እማማም «እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ» ብለው ሳምቡሳ፣ በያይነቱና ቡና ሊሸጡ አንድ ቦታ ያዙ። ማመልከቻውን የሞላሁት እኔ ነኝ። አማች ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። እያንዳንዱ ሻጭ ለአንድ አደጋ 1,000,000፣ በጠቅላላው ደግሞ 2,000,000 ዶላር የሚሸፍን የኃላፊነት ኢንሹራንስ ያቅርብ ይላል። እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው።

«አንተ፣ ሳምቡሳ ነው ያልካቸው አውሮፕላን?»

«ሳምቡሳ ነው ያልኩት፣ እማማ።»

«ታዲያ ማንን ገደልኩ?»

«ገና ነዋ!» አልኩ። ምላሴ አንድ ቀን ከቤት ታስወጣኛለች።

ሚሊዮኑን አደጋ ከደረሰ የሚከፍለው ኩባንያው እንደሆነ፣ የእርሳቸው ድርሻ አረቦኑ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ለሁለት ቀን ከመቶ ዶላር ብዙ እንደማይዘል ነግሬ አረጋጋኋቸው። አገር ቤት ለመኪና የሚገባውን የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም አስታወስኳቸው።

«እሱ መኪና ነው። ሳምቡሳ ሰው ሲገጭ አይተሃል?» አሉኝ።

ሰው የገጨ ቡና ግን አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ ውስጥ አንዲት የ79 ዓመት አሮጊት ከማክዶናልድስ የገዙት ቡና ጭናቸው ላይ ተደፋ። ሰው «ቡና ደፍታ ሚሊየነር ሆነች» እያለ ይቀልዳል እንጂ ቃጠሎው ከባድ ነበር፤ ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኝተው፣ ከሌላ ገላቸው ቆዳ ተወስዶ ተለጥፎላቸዋል። በ1994 ጁሪው 2.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈረደላቸው፤ ዳኛው ቀነሰው፤ በኋላም ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ። ይህን ስተርክላቸው እማማ ስለ ገንዘቡ አንድም ነገር አልጠየቁኝም።

«ምስኪን! ሆስፒታል ማን ጠየቃቸው?» አሉ።

ለእማማ መድን ማለት ይኸው ነው። የሰፈራቸው እድር ድንኳንና ወንበር ተሸክሞ፣ ንፍሮ ቀቅሎ ሲደርስ «ጥፋቱ የማን ነው?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። እዚህ አገር ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። አንዱን የድንኳን ገመድ ጠልፎት ቢወድቅ ጠበቃው እማማን ብቻ ከስሶ አይመለስም፤ ፈቃዱን የሰጠውን፣ መንገዱን የዘጋውን፣ ገንዘብም ያለውን ከተማ አብሮ ይጎትታል። ስለዚህ ከተማው ቀድሞ «በገዛችሁት ጥላ እኔንም አስጠልሉኝ» ይላል።

የኢንሹራንስ ወኪሏ በስልክ መጠይቁን ጀመረች፤ አስተርጓሚው እኔ።

«የሚጠበስ ነገር አለ?» አለች። «አልኮል?» እማማ «ጠጅ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ በክርኔ ነካ አደረግኳቸው፤ መጠጥ ራሱን የቻለ ሌላ ኢንሹራንስ ይፈልጋል። «ምግቡን ለደንበኛ የሚያቀርቡት እንዴት ነው?»

«በእጄ አጎርሳለሁ!» አሉ እማማ በኩራት።

«በወረቀት ሳህን ነው ብለዋል» ብዬ ተረጎምኩ።

ሰርተፍኬት የሚባለው ወረቀት መጣ። አንድ ገጽ ነው። አናቱ ላይ የሰፈረው ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ለመረጃ ያህል ብቻ የተሰጠ መሆኑንና ለያዡ ምንም መብት እንደማይሰጥ ይናገራል። ገንዘቤን ተቀብሎ እንዲህ በግልጽ እቅጩን የነገረኝ ወረቀት አይቼ አላውቅም። ከተማውም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል መሰለኝ መለሰው፦ ስሜን የጻፋችሁት ወረቀቱ ከሚደርሳቸው ተርታ ነው፣ እኔ የምሻው «አዲሽናል ኢንሹርድ»፣ ማለትም ተጨማሪ መድን ገቢ መሆን ነው፤ ይህን የሚያረጋግጠው የፖሊሲው አባሪም ይምጣልኝ አለ። አስተካክለን ላክን። እንደገና መለሰው፦ ከተማው ብቻውን አይበቃም፤ ሹማምንቱ፣ ሠራተኞቹና በጎ ፈቃደኞቹ ጭምር ይጻፉ።

ያን ጊዜ የእማማ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በራ።

«እንዲያ በለኛ! ‹ከነቤተሰብዎ› ተብሎ ይጻፍልኝ ነው የሚለው።»

ከሰርግ ጥሪ ካርድ የተወሰደው ይህ ትርጉም ወኪሏ ግማሽ ሰዓት ካስረዳችኝ ይልቅ ነገሩን ገለጠልኝ። ከተማው ሳንቲም ሳያዋጣ፣ እማማ በገዙት መሶብ ዙሪያ ከነቤተሰቡ የሚቀመጥ እንግዳ ነው።

የበዓሉ ቀን በድንኳኑ በእያንዳንዱ እግር ላይ 40 ፓውንድ ክብደት ይታሰር ስለተባለ፣ እማማ ባለ25 ፓውንድ የጤፍ ከረጢት ሁለት ሁለት እያደረጉ አሰሩበት፤ እንጀራችን ድንኳን ጠባቂ ሆነ። ከሰል በመከልከሉ ጀበናዋ ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አኩርፋ ተቀምጣለች። ቢጫ ሰደርያ የለበሰ የከተማው ተቆጣጣሪ መጣ። ለዘይት እሳት የሚሆነውን ማጥፊያ አየ፤ ድንኳኑ እሳት እንደሚቋቋም የሚገልጸውን ምልክት አየ፤ ጤፉን በእግሩ ነካ ነካ አድርጎ ፈገግ አለ።

«ይሄ ነው ከነቤተሰቡ የተጠራው?» አሉ እማማ።

«እሱ ነው።»

እጃቸውን ታጥበው፣ እንጀራውን በምስር ወጥ ጠቅለል፣ ሚጥሚጣ ነስነስ አድርገው ወደ አፉ ሰደዱት። ሰውየው ግራ ተጋብቶ አፉን ከፈተ። ጎረሰ። ፊቱ ቀላ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ ፖሊሲውን ገጽ በገጽ በልቤ እያገላበጥኩ ነው፤ ጉርሻ የሚል ቃል የትም አላየሁበትም።

ሰውየው ትንፋሹን ሰብስቦ አውራ ጣቱን አነሳ። እማማ ሁለተኛውን ጠቅልለው ይጠብቁታል።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል በለው» አሉኝ። ተረጎምኩለት። እንደገና አፉን ከፈተ።

ሦስተኛውን መጠቅለል ሲጀምሩ ግን እጃቸውን ያዝኩ።

«ይብቃ፣ እማማ! ወረቀቱ የሚሸፍነው በአንድ ጊዜ አንድ፣ በጠቅላላው ሁለት ነው።»