የመዝናኛ መድፍ አረር ሞልድ አሠራርን ለመወሰን የወጣ፣ ቁጥር ያልተሰጠው አዋጅ

በባሕር ማዶ፣ በተለይም በአሜሪካ፣ የጎልፍ ኳስ የሚያስወነጭፍ ትንሽ መድፍ በጓሮው እየሠራ በዕረፍት ቀኑ መተኮስን መዝናኛ ያደረገ ሰው መኖሩ በመታወቁ፤ ልማዱ ወደ ጅማ፣ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነትና ወደ ሰቃ ገና ያልደረሰ ቢሆንም፣ ነገሩ ሳይመጣ ደንቡን ማውጣት የአስተዳደር ብልኅነት ሆኖ በመገኘቱ፤ ጅማም በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን መድፍ ከመግጠም ይልቅ ለምኒልክ መገበርን መርጣ፣ በዚሁ ብልሃት የውስጥ አስተዳደሯን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ይዛ የቆየች በመሆኗ፣ የመድፍ ልምድ ስለሌላት ልምዱን የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ከፈሰሰባት ከጋፋት መዋስ ግድ ስለሆነባት፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

በዚህ አዋጅ ውስጥ «ሞልድ» ማለት የቀለጠ ማዕድን ፈስሶበት ሲቀዘቅዝ የውስጡን ቅርጽ የሚይዝበት፣ ከሸክላ ወይም ከአሸዋ የሚሠራ፣ ብዙውን ጊዜ ለሁለት የሚከፈል ዕቃ ነው፤ «አረር» ማለት ከመድፍ አፍ የሚወጣው ድብልብል ነው፤ «ባለ መዝናኛ» ማለት ሁለቱንም ጠላት ሳይኖረው የሚፈልግ ሰው ነው።

አንቀጽ 2፦ ስለ ክብደት

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት፣ ወንጌል ለመስበክ የመጡትን አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲያፈስሱ አዝዘዋቸው፣ ከእጃቸው ሴባስቶፖል የተባለው፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝን፣ ሞርታር ከሚባሉት ቁመተ አጭርና አፈ ሰፊ መድፎች ወገን የሆነ መሣሪያ እንደወጣ ይታወቃል። መድፉ በመቶዎች በሚቆጠር ሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገዱም ከፊቱ እየተጠረገለት መቅደላ ለመድረስ ወራት ፈጅቶበት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች አምባውን ሲይዙ ለውጊያው ሳይጠቅም ቀርቷል። ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ ተቀምጧል፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ታክሲ ሲያልፍ ይመለከታል። ሞልዱ ሲታሰብ መንገዱ ያልታሰበበት ሥራ ይህን ዕጣ የሚያገኝ በመሆኑ፣ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች የሚዘጋጅ ማንኛውም አረር በአንድ ባጃጅ፣ ከነሾፌሩ፣ በሐምሌ ጭቃ፣ ተሳፋሪ ወርዶ ሳይገፋ መጓጓዝ የሚችል መሆን አለበት፤ ይህን የማያሟላ ሞልድ ማዕድን ሳይፈስስበት ይሰበራል። ከአረሩ በፊት መንገዱ ይሠራ የሚል አቤቱታ ለሌላ መሥሪያ ቤት የሚቀርብ ስለሆነ በዚህ አዋጅ አይስተናገድም።

አንቀጽ 3፦ ስለ እርጥበት

ያልደረቀ የሸክላ ሞልድ የቀለጠ ማዕድን ሲነካው በውስጡ ያለው ውሃ በቅጽበት ወደ እንፋሎትነት ስለሚለወጥ፣ ማዕድኑን መልሶ በአፍሳሹ ፊት ላይ ይረጨዋል፤ በመሆኑም ባለ መዝናኛው ከጠላት በፊት በገዛ ሞልዱ ይሸነፋል። የቡና ከተሞች ነዋሪ ግን ስለ መድረቅ ከማንም መማር አያስፈልገውም፤ ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነቅርፊቱ የሚደርቀውን ቡና፣ በሽቦ አልጋ ላይ አስጥቶ፣ እያገላበጠ፣ ዝናብ ሲያስገመግም ሸራ እየደረበ፣ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ መጠበቅን ያውቅበታል። ስለዚህ ሞልድ የሚያደርቅ ሰው የጎረቤቱን ገበሬ አማካሪ አድርጎ ይቀጥራል፤ ሆኖም አልጋውን በመኸር ወራት መበደር ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

አንቀጽ 4፦ ስለ ልክ

አረር እንደ ደንበኛው ፍላጎት በልኩ ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን በአረሩና በመድፉ ግድግዳ መካከል ሊተው የሚገባውን ክፍተት የሚወስነው ኮሚቴ ስለሆነ፣ ኮሚቴውም አበሉ ሳይጸድቅ የማይሰበሰብ ስለሆነ፣ እስከዚያው የሚወጣ አረር ሁሉ ልክ እንደሆነ ይቆጠራል።

አንቀጽ 5፦ ከሌሎች ሕጎች ጋር ስላለው ግንኙነት

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በሙሉ ኃይሉ የጸና በመሆኑ፣ ይህ አዋጅ ለባለ መዝናኛው ሞልድ እንጂ መድፍ አይፈቅድለትም። መድፍ የሌለው አረር ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ መነሣቱ ስለማይቀር፣ አረሩ ለበር ማስደገፊያነት ወይም ለልጆች የጨዋታ ዕቃነት እንዲውል ተፈቅዷል። ለሚዛን ድንጋይነት እንዲውል ግን አልተፈቀደም፤ በእነዚህ ከተሞች ከመድፍ ይልቅ በቡና ሰብሳቢ ሚዛን የተመታ ገበሬ ስለሚበዛ፣ ልኩን ኮሚቴ ገና ያልወሰነው ድብልብል በዚያ ጎራ መጨመሩ የሕዝብን ሰላም ያውካል ተብሎ ይታመናል።

አንቀጽ 6፦ ቅጣት

ይህን አዋጅ የተላለፈ ሰው ለሰፈሩ ቡና ያፈላል፤ ቡና ቁርስ ካላቀረበ ቅጣቱ እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል።

አንቀጽ 7፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ አቦልና ቶና ተጠጥተው ሦስተኛው ዙር፣ በረካ፣ ከተቀዳበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል፤ ከቶና በኋላ ተሰናብቶ የሄደ እንግዳ አዋጁን እንዳልሰማ ስለሚቆጠር መድፉን ይዞ በሰላም ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል።