ምርቃት፦ በአንድ ጉሊት ላይ የተደረገ ቅድመ ጥናት

ይህ ጥናት የተነሳው ከአንዲት ቲማቲም ነው። አጥኚው ከኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ካለው ጉሊት አንድ መደብ ቲማቲም ገዝቶ፣ «እናቴ፣ መርቂልኝ እንጂ» ብሎ አንዲት አስጨምሮ፣ ድል እንዳደረገ ሰው አራት ፎቅ ሳያርፍ ወጣ። ባለቤቱ ፌስታሉን ገልብጣ አንዲቱን በሁለት ጣቷ አነሳችና «ይቺን ደግሞ ማን ሰጠህ?» አለችው። የተመረቀችዋ ነበረች።

በቅድሚያ ቃሉን መፍታት ያስፈልጋል። ሽማግሌ ልጅ ይመርቃል። ባለሥልጣን ድልድይ ይመርቃል። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያስመርቃል። ባለጉሊት ቃሪያ ትመርቃለች። አራቱን የሚያገናኛቸው፣ ተቀባዩ በዕለቱ ደስ ብሎት፣ የተቀበለው ምን እንደሆነ ግን ቆይቶ የሚገባው መሆኑ ነው። ጫት ቃሚውም «መረቀንኩ» ይላል፤ እሱን ለሌላ ጥናት ትተነዋል።

መደብ በሚዛን አይሸጥም፣ በዓይን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከታች አራት፣ ከላይ አንድ። የታችኞቹ በዕድሜም በጤናም የተለያዩ ሲሆኑ የላይኛው ወጣት ነው፤ በነጠላ ጫፍም ተወልውሏል። ጠባሳ ያለበት ሁሉ ጠባሳውን ወደ ሻጯ አዙሮ ይቀመጣል። ስለዚህ ገዢ ፊቱን፣ ሻጭ ጀርባውን እያዩ ስለ አንድ ቲማቲም ይከራከራሉ፤ ሁለቱም የሚሉት እውነት ነው። ገዢ እጁን ወደ ታችኛው ረድፍ ሲሰድ «እንዳትበትንብኝ!» የሚለው ድምፅ ይሰማል። አጥኚው በሄደባቸው ጉሊቶች ሁሉ ይህ ዓረፍተ ነገር ቃሉም ዜማውም አንድ ነው፤ ማን እንዳስጠናቸው አልተደረሰበትም።

ከመደብ ወደ መስፈሪያ ስንሻገር ጉዳዩ ይረቃል። ኦቾሎኒና ቆሎ የሚሰፈርባት ብርጭቆ ከውጭ ስትታይ ረጅም ናት። ከውስጥ ቂጧ ወፍራም ነው፤ ያም ካልበቃ የተጣጠፈ ወረቀት ይጨመርበታል። ጣሳ ከሆነ ደግሞ ቂጡ በመዶሻ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ከታች ጉድጓድ ከላይ ኮረብታ ይሆናል። ገዢ የሚያየው ኮረብታውን ነው፣ «ሙይልኝ» የሚለውም ስለ ኮረብታው ነው። አጥኚው አንዲት መስፈሪያ ገልብጦ ለማየት ፈቃድ ጠይቆ «ለምን? ልትገዛት ነው?» የሚል መልስ አግኝቷል።

ተዛማጅ ሥራዎችን ለመቃኘት ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ1916 ክላረንስ ሳውንደርስ የተባለ ነጋዴ በአሜሪካዋ ሜምፊስ ከተማ ፒግሊ ዊግሊ የተሰኘ ሱቅ ከፈተ። ከዚያ በፊት ገዢ ባንኮኒው ፊት ቆሞ ይጠይቃል፣ ሻጭ ከመደርደሪያ ያወርድለታል። ሳውንደርስ ገዢውን ራስህ አንሳ አለው፤ ነገር ግን በአንድ በኩል የገባ ሰው ዕቃውን ሁሉ ዞሮ ሳያይ እንዳይወጣ መተላለፊያውን ጠምዝዞ ሠራው። አንድ ጥቅልል ክር ልግዛ ብሎ መርካቶ ገብቶ በሁለተኛው ሰዓት ባልዲ ተሸክሞ የወጣ ሰው፣ ሳውንደርስን ባያውቀውም ሥርዓቱን ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ ሲልቫን ጎልድማን በኦክላሆማ ሲቲ የገበያ ጋሪን አስተዋወቀ። የሰው ክንድ ይደክማል፣ የደከመ ክንድ ይመለሳል፣ ጋሪ ግን አይደክምም፤ ሐሳቡ ይኸው ነው። ሰዉ መጀመሪያ ጋሪውን አልወደደውም። ጎልድማን ሰዎች ቀጥሮ ገዢ መስለው ጋሪ እየገፉ ሱቁ ውስጥ እንዲንሸራሸሩ አደረገ። የእኛዋ ባለጉሊት ለዚህ ወጪ የላትም። ቅርጫቷን አጠገቧ ያስቀመጠችው ጎረቤቷ ብድግ ብላ መጥታ ቲማቲሙን እያገላበጠች «ውይ፣ ዛሬስ ረከሰ!» ትላለች። ክፍያ የለም፤ ነገ ተራው የራሷ ነው።

በሱፐርማርኬት ወተት ለምን ከኋላ ጥግ እንደሚቀመጥ፣ ውዱ ዘይት በዓይን ትይዩ ሆኖ ርካሹ ለምን ከጉልበት በታች እንደሚውል ብዙ ተጽፏል። መድኃኒቱም ተጽፏል፦ ዝርዝር ይዞ መግባት፣ በልቶ መግባት፣ የእሽጉን ሳይሆን የኪሎውን ዋጋ ማስላት፣ ጎንበስ ማለት። አጥኚው አራቱንም ሞክሮ ዘይት ላይ ጥቂት ብር አትርፏል፤ ወገቡን ታሟል።

ይልቅ ትኩረት የሚሻው የመልስ ጉዳይ ነው። ዋጋው 99 ብር ከ95 ሳንቲም ተብሎ ይለጠፋል። ሳንቲሟን ግን ከመለያዋ ውጪ ያያት የለም፤ የምትኖረው መቶ ላለመባል ብቻ ነው። ለሁለትና ለሦስት ብር መልስ ደግሞ ገንዘብ ተቀባይዋ ማስቲካ ትሰጣለች። አጥኚው ስሙን በማይጠቅሰው አንድ ሱቅ በዚህ መንገድ 14 ማስቲካ ካጠራቀመ በኋላ፣ በእነሱ ዳቦ ለመግዛት እዚያው ሱቅ ተሰለፈ። ገንዘብ ተቀባይዋ ማስቲካዎቹን አየች፣ አጥኚውን አየች፣ «የሚቀጥለው!» አለች። ማስቲካ ከመሳቢያው ይወጣል እንጂ ወደ መሳቢያው አይገባም።

ዳቦውንም ካነሳን፣ ዋጋ ሳይጨምር የሚጨምርበት ጥበብ አለ። ዳቦው ዋጋው እንደነበረ ሆኖ ራሱ ይሟሽሻል፤ የጎመን እስርም ገመዱ እንደነበረ ሆኖ ቅጠሉ ይሳሳል። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ሰሞን አጥኚው እስሩ ለምን እንደቀጠነ ጠይቆ «ዶላር ጨምሮ ነው» ተብሏል። ጎመኑ የበቀለው አቃቂ ወንዝ ዳር ነበር።

ገዢም ባዶ እጁን አይደለም። ዋነኛ መሣሪያው «እሄዳለሁ» ይባላል። ዋጋ ይጠራል፣ ገዢ ይስቃል፣ «መጨረሻው ስንት ነው?» ይላል፣ ሻጭ «አልገዛሁበትም!» ትላለች፣ ገዢ ይሄዳል። በአራተኛው እርምጃ ገደማ «ና እሺ፣ ውሰድ» መባል አለበት። አደጋው ካልተባለ ነው። ወደኋላ ማየት የተከለከለ ነው፣ መመለስማ አይታሰብም። አጥኚው አንድ ጊዜ እስከ አስራ አንደኛው እርምጃ ድረስ ስላልተጠራ፣ ለሁለት ሳምንት በጓሮ በር እየተሽሎከለከ ቤቱ ገብቷል።

ሌላው ዘዴ ማምሸት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ባለጉሊቷ አድሮ የሚበላሸውን ይዛ መሄድ ስለማትፈልግ፣ በአምስት ቲማቲም የቆመው መደብ ሰባት ይሆናል። ቁጠባው እውነተኛ ነው። ችግሩ ከፀሐይዋ ጋር ጠባሳውም አብሮ መጥለቁ ነው።

የመስክ ሥራው በተፈጸመበት ቀን አጥኚው ከመርካቶ በ900 ብር የገዛትን፣ በእጅ የምትንጠለጠል ባለባትሪ ሚዛን ይዞ ጉሊቱ ዘንድ ቀረበ። አንድ መደብ በፌስታል አንጠልጥሎ መዘነ፣ በደብተሩ ጻፈ። ባለጉሊቷ ዝም ብላ አየችው። ሁለተኛውን መዘነ።

«እስቲ አምጣት፣ ደንበኛዬ» አለች። ሽንኩርት መዘነችባት። ምሳ ዕቃዋን መዘነችባት። የጎረቤቷን ልጅ ጫማ አስወልቃ እሱንም መዘነችባት።

«መጨረሻዋ ስንት ነው?»

«አትሸጥም። ለጥናት ነው፤ በ900 ነው የገዛኋት።»

«አሮጌ ናት።»

«ዛሬ ነው ከካርቶኗ የወጣችው!»

«አምስት መቶ።»

አጥኚው በገዛ ጆሮው «አልገዛሁበትም!» ሲል ራሱን ሰማ። እሷ ሚዛኗን መለሰችለትና ጀርባዋን ሰጥታ ቲማቲሟን መወልወል ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ወለወለች።

«እሺ» አለ አጥኚው፣ «በ600 ውሰጃት።»

በ550 ተጨረሰ። ብሩን ከመቀነቷ ፈትታ ቆጥራ ሰጠችው፤ ቆማ ስታየው ፊቱ ላይ አንድ ነገር አየች መሰል፣ ጎንበስ ብላ ሦስት ቃሪያ አንስታ ብሩ ላይ አኖረችለት።

«ይኸው፣ መረቅኩህ» አለች።

ከሦስቱ ሁለቱ ደህና ነበሩ።