ብርድ የማይችል ፎቶ አንሺ

ሚኒያፖሊስ እየኖረ ብርድ የማይችል ፎቶ አንሺ በረዶውን የሚያነሳው ከሳሎኑ መስኮት ነው። መስታወቱ ላይ የልጆቹ ጣት አሻራ ከታየ «ጭጋግ ነው» ይላል። ያ ሰውዬ እኔ ነኝ። ካሜራዬ ግን የዋዛ አይደለም። የዋጋውን ግማሽ ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ፤ የቀረው በእኔና በእግዜር መካከል ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ለእናቴ ፎቶ እልክ ነበር። ፀሐይ ወጥታ በረዶው ዓይን ሲወጋ አንስቼ ብልክላት ደወለችና «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ አመድ ከየት መጣ? ምን ተቃጠለባችሁ?» አለችኝ። «ኔትወርኩ ነው» አልኳት። ኔትወርኩ ምን አደረገ? ጥፋቱ የእኔ ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርግ ነው የተሠራው፤ ነጭ ብቻ ሲሞላበት «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልማል። መፍትሔው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ከአንድ እስከ ሁለት ወደ መደመር ማስኬድ ነው። ይህን ያላስተማርኩት ሐበሻ የለም። ራሴ ግን ቁልፏን ለመንካት ጓንት ማውለቅ ይኖርብኛል። ጓንቴን አላወልቅም።

እዚሁ ከተማችን ያለው ሚኒሃሃ ፏፏቴ 16 ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ ብርዱ ሲጠና ውሃው እንደተንጠለጠለ ይረጋል። ባለቤቴን እዚያ ፊት አቁሜ «ቀና በይ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ፈገግ!» እያልኩ አነሳኋት። ቤት ገብተን ብናየው በረዶው አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ እሷ ግን ካፖርትና ጥርስ ብቻ ናት። «ይቺ ሴትዮ ማናት?» አለች። «ሆን ብዬ ነው፣ አርት ነው» አልኩ። ለጠይም ፊት መለኪያውን ፊቱ ላይ ማሳረፍ ነበረብኝ፤ በረዶው ከልክ በላይ ቢነጣ ይንጣ፣ ፎቶውን የሚያየው ዘመድ እንደሆነ በረዶ አይናፍቀውም።

ለበረዶ ጥሩው ብርሃን ፀሐይ ዝቅ ብላ ከጎን ስትመታው ነው፤ ያኔ እያንዳንዷ ጉብታና የእግር ዱካ ጥላዋን ይዛ ትወጣለች፣ ጥላውም ብርሃን የሚያገኘው ከሰማዩ ስለሆነ ሰማያዊ ይላል። ታኅሣሥ ላይ እዚህ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ይህ እንኳ ማለዳ አይባልም። እኔ ግን የምወጣው እኩለ ቀን ላይ፣ ሁሉም ነገር እንደ ተዘረጋ አንሶላ ልሙጥ ሲሆን ነው።

ባትሪም በብርድ ቶሎ ይደክማል፤ ትርፉን ደረት ኪስ ከተው በሰውነት ሙቀት ያቆዩታል። የእኔን ደረት ኪስ ሳምቡሳ ይዞታል። ወደ ቤት ስትገቡ ደግሞ ካሜራውን ገና ውጭ ሳላችሁ ዚፕ ባለው ላስቲክ አሽጉት፣ እስኪሞቅም አትክፈቱት፤ አለዚያ ላብ ያጠምቀዋል። እኔ በቀጥታ ቡና ወደሚፈላበት ገብቼ፣ በላበው ሌንስ እንግዶቹን አነሳኋቸው። «የዕጣኑን ጭስ እንዴት አድርገህ ያዝከው!» አሉኝ። ዕጣን አልጨሰም ነበር። ምስጋናውን ግን ተቀበልኩ።

ባለቤቴ «ተነስና ውጣ እንጂ!» ስትለኝ ቤንትሊን እጠቅስባታለሁ። ዊልሰን ቤንትሊ የቨርሞንት ገበሬ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1885 ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አጋጥሞ የአንዲትን የበረዶ ቅንጣት ፎቶ አነሳ፣ በሕይወቱም ከ5,000 በላይ አንስቷል። እኔ የምተርክላት ግን መጨረሻውን ብቻ ነው፤ በ1931 በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ በእግሩ ሄዶ የሳንባ ምች ይዞት ሞተ። «አየሽ?» እላታለሁ ጋቢዬን እየሳብኩ።

«እሱማ 5,000 አንስቶ ነው» አለችኝ።