ዋና ጉዳይ

የሐዋሳ ሐይቅ ዳር መዋኛ እንደገና ይከፈት የሚል ወሬ በተነሣ ቁጥር እኔ ከሚያጨበጭቡት ወገን ነኝ። ዳር ቆሞ ማየት ሰልችቶናል፤ ሕዝብ ዋና ይፈልጋል።

የሚያጉረመርሙት ግን አልጠፉም። «የዋናተኛው ደኅንነት ያሳስበናል» ይላሉ። ማንን የማያሳስብ ደኅንነት አለ?

መጀመሪያ የሚያነሡት ጉማሬን ነው። አያቶቻችን ጉማሬን በጀርባቸው ያውቁታል፤ አዲስ ነገር አይደለም። ቀን ውኃው ውስጥ ይተኛል፣ ማታ ወጥቶ ይግጣል፤ ሣር በል ነው፣ ሰው ግን ይገድላል። ገላውን ደብቆ ዓይኑንና ጆሮውን ብቻ ብቅ ያደርጋል። ፈሪዎቹ «ጆሮው ነው የሚያስፈራን» ይላሉ። እኔ ደግሞ ነባር ባለርስት ስለሆነ ጥበቃው ለራሱ ይሰጠው ባይ ነኝ።

ቢልሃርዚያ ግን ያከራክራል። ትሉ ቆዳ በስቶ ሲገባ አይታይም፤ ዋናተኛው ታጥቦ፣ ተደስቶ፣ «ምን ሆንኩ?» እያለ ቤቱ ይገባል። እንግዳው ግን አንጀት ዙሪያ ካለው ደም ሥር ጎጆ ቀልሶ ዓመታት ይቀመጣል። ስሙ የሚጠፋው ቀንድ አውጣው ነው፤ ምስኪን፣ እሱን የሚበክለው ከላይ የሚወርደው ሰገራ ነው። ከላይ የሚወርደውን ደፍሮ የሚናገር ስለሌለ ቀንድ አውጣው ይረገማል። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ፤ የዋጠው ሰው ድኖ፣ ተመልሶ እዚያው ውኃ ይገባል።

ደግሞ ሐይቁ መውጫ የለውም ብለው ያሙታል። እውነት ነው፤ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው በአብዛኛው ተንኖ ነው የሚሄደው፤ ሲሄድም ማንም አያየውም። ጸጥታን የሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ሐይቅ ከየት ያመጣል?

ለሁሉም መፍትሔው ዳርቻው ላይ አዳኝ ማቆም ነው። ከፍ ካለ ማማ ላይ ይቀመጥ፣ ዓይኑ አያንቀላፋ፣ ዋናተኛውን ከሩቅ ይለይ፣ እጁን ያነሣ ሰው ባየ ጊዜ ፈጥኖ ይድረስበት። ይህን ሐሳቤን ለአንድ ወዳጄ ባካፍለው እሺም እምቢም አላለኝ፤ እኔም መልሱን በግጥም ገመትኩለት፦

አትፍራ ግባ አሉኝ፣ አዳኝ አለ ብለው፤
እኔስ የፈራሁት ውኃውን መቼ ነው?

ስለ ምርቃቱ ቀን አንድ ነገር ልጨምር። ሪባኑን የሚቆርጡት ልብሳቸውን አውልቀው ቀድመው ይግቡ። ዋናዎቹ እያሉ እኛ ምን ቆርጦን!